የድሮውን ልጫን ወይስ አዲሱን? ተመልሰው የመጡ የወንጀል ሲሪየሶችን ማመዛዘኛ

ፍላሻችሁ ላይ የቀረው ቦታ ለአንዱ ብቻ ነው እንበል። ፊልም የሚጭነው ልጅ ሁለት ፎልደር ከፍቶ ያሳያችኋል። አንዱ «ፕሪዝን ብሬክ ከ1 እስከ 4» ይላል፣ ሌላው «ፕሪዝን ብሬክ 5»። የቱ ይሁን?

ሌላ ቦታ ቀላል ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ጎንደር ላይ ግን መብራት ሲፈልግ መጥቶ ሲፈልግ ይሄዳል፣ ዳታ በብር ነው፣ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይጀምርና ፒያሳ ላይ ማኪያቶ ይዞ መቀመጡም ይቀራል። ሲሪየስ የሚጭን ሰው የብዙ ምሽቱን ዕጣ ነው የሚወስነው። ስለዚህ የማይሆን ጭኖ ቤት መግባት ያበሽቃል።

በዚያ ላይ ምርጫው በዝቷል። አልቆ፣ ተለቅሶለት፣ ተረስቶ የነበረ የወንጀል ሲሪየስ ሁሉ እየተመለሰ ነው። ፕሪዝን ብሬክ ተመለሰ። የ24ቱ ጃክ ባወር ተመለሰ። ዴክስተርማ ሁለቴ ተመለሰ። ክሪሚናል ማይንድስም እንዲሁ። ሰውም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «አዲሱ ከድሮው ይሻላል?» ጥያቄው ጥሩ ነው፣ አመላለሳችን ግን ችግር አለበት። አብዛኞቻችን የምንቆጥረው የተመለሱትን ፊቶች ነው። የፕሪዝን ብሬኩ ስኮፊልድ አለ? አለ። ፍቅረኛው ሳራ አለች? አለች። እንግዲያውማ አሪፍ ነው! ፊት መመለስ እኮ ቀላሉ ሥራ ነው፣ ተዋናዩ ከተከፈለው ይመጣል። ከባዱ ያንን ሲሪየስ ያንቀሳቅስ የነበረውን ሞተር መልሶ ማስነሳት ነው። እኔ የምመዝነው በእሱ ነው።

(ከመቀጠሌ በፊት፦ የመጨረሻ ክፍሎችን ላለማበላሸት እሞክራለሁ። አንድ ነገር ግን መደበቅ አይቻልም። የፕሪዝን ብሬክ 5ኛ ሲዝን መኖሩ ራሱ የ4ኛውን መጨረሻ ያጋልጣል። ለዚያ ኃላፊነት አልወስድም።)

ሞተሩ የቱ ነው?

ታሪኩን እርሱት። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ፣ ነገ ሥራ እያላችሁ፣ «አንድ ክፍል ብቻ» ብላችሁ ቀጣዩን የሚያስከፍታችሁ ምንድን ነው? እሱ ነው ሞተሩ።

የ24 ሞተር ሰዓቱ ነው። አንድ ክፍል አንድ ሰዓት፣ አንድ ሲዝን አንድ ቀን። ጃክ ባወር ሲበላ አታዩትም፣ ሲተኛም አታዩትም፣ ከማስታወቂያ በፊት ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ «ጢክ» ሲል ልባችሁ አብሮ ይመታል። የዴክስተር ሞተር ደግሞ ምስጢሩ ነው። ገዳዩ ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ታውቃላችሁ፣ ቀን ቀን ፖሊስ ቤት ቁጭ ብሎ የደም ፍንጣቂ የሚመረምረው ራሱ ነው፣ የቀረው «መቼ ነው የሚነቃበት?» ብቻ ነው። የክሪሚናል ማይንድስ ሞተር የመርማሪዎቹ ቡድን ነው፦ አውሮፕላን ውስጥ ተሰብስበው የማያውቁትን ሰው ከሠራው ሥራ ተነስተው ይስሉታል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥም ነገሩ ያልቃል።

ፕሪዝን ብሬክ ላይ ሞተሩ ዕቅዱ ነው። ነገሩን ለማታውቁ ባጭሩ፦ ሊንከን ባሮውስ በምክትል ፕሬዚዳንቷ ወንድም ግድያ ተወንጅሎ ሞት ተፈርዶበታል፣ ወንድሙ ማይክል ስኮፊልድ የሕንፃ መሐንዲስ ነው፣ የእስር ቤቱን ፕላን ሰውነቱ ላይ ተነቅሶ፣ ባንክ ዘርፎ፣ ወዶ ይታሰራል። ዋናው ነገር ግን እዚህ ላይ ነው፦ ዕቅዱን እናንተም ታውቁታላችሁ። ጠባቂዎቹ አያውቁም፣ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለዚህ አንዲት ነገር በተበላሸች ቁጥር የምትደነግጡት ከስኮፊልድ ጋር እኩል ነው።

አንዲት ብሎን

ይሄን በደንብ የሚያሳየው 1ኛው ሲዝን ሁለተኛው ክፍል ነው። ስኮፊልድ ክንዱ ላይ «አለን»፣ «ሽዋይትዘር» የሚሉ ቃላትና አንድ ረጅም ቁጥር ተነቅሷል። የሰው ስም ይመስላል። ቁጥሩ ግን እስር ቤቱ ግቢ ውስጥ ያለው የተመልካች መቀመጫ የታሰረበት ብሎን ላይ ያለው ቁጥር ነው። ሰውዬው ያንን ብሎን ለማውጣት ተቀምጦ እየተቅለሰለሰ ይፈታል። ችግሩ መቀመጫው ያለበት ቦታ የጨካኙ እስረኛ የቲ-ባግ ግዛት መሆኑ ነው። ቲ-ባግ ያየዋል፣ ይነጥቀዋል። አሁን ዓለም ሁሉ በአንዲት ብሎን ዙሪያ ይሽከረከራል! ብሎኗን ካስመለሰ በኋላ ወለል ላይ እየፋቀ ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ ያደርጋታል፣ በእሷ ክፍሉ ውስጥ ያለውን የሽንት ቤት መቀመጫ ከግድግዳው ይፈታል፣ ከበስተጀርባው መውጫ አለ።

ይኸው ነው። ፍንዳታ የለም፣ የመኪና ማሳደድ የለም። አንድ ሰው ብሎን ይፍቃል፣ እናንተ ደግሞ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ታያላችሁ። ጋራዥ ውስጥ የሠራ ሰው አብሯችሁ ካየ ደግሞ «እንደሱ አይፋቅም» ብሎ ይከራከራል፣ ክርክሩም የደስታው አካል ነው።

በኋላ ደግሞ ግድግዳ መብሳት ይመጣል፣ ትክክለኛዎቹን ነጥቦች የሚያሳየው ንቅሳቱ ውስጥ ያለ የሰይጣን ፊት ነው፣ መብሻው ደግሞ እንቁላል መምቻ። ሌላው ሆስፒታል ክፍሉ ለመመላለስ የስኳር በሽተኛ መምሰል። ሌላው ቧንቧ በኬሚካል ማስበላት። እያንዳንዷ ነገር ተነግሯችሁ፣ ታይታችሁ፣ ተበላሽታ፣ ተጠግና ነው የምታልፈው። 1ኛው ሲዝን 22 ክፍል ነው፣ አጥሩን የሚሻገሩት 21ኛው ላይ ነው። ሃያ ክፍል ሙሉ አንድ ግድግዳ! ማንም ግን ረዘመ አላለም።

አዲሱ እዚህ ላይ ምን አደረገ?

5ኛው ሲዝን የታየው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፣ ዘጠኝ ክፍል ብቻ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2009 ነበር፣ 81 ክፍል። መነሻው ያጓጓል። ሰባት ዓመት ሞቷል የተባለው ስኮፊልድ የመን፣ ሰነዓ ውስጥ ኦጂጂያ የሚባል እስር ቤት ውስጥ አለ፣ ስሙም ካኒየል ኡቲስ ሆኗል፣ አሸባሪ ተብሏል። ሊንከን ወንድሙን ፍለጋ ባሕር ይሻገራል። ሲያገኘው ስኮፊልድ ዓይን ዓይኑን እያየ «ይሄን ሰው አላውቀውም» ይላል። የ1ኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ነች፣ በጣም ጥሩ ነች። ከዘጠኙ ክፍሎች ውስጥ የድሮውን ፕሪዝን ብሬክ የምትመስለኝም እሷ ነች።

ከዚያ በኋላ ሞተሩ ይቀየራል። አሁን ዕቅዱን አታውቁም። ስኮፊልድ አስቀድሞ ከእናንተ ደብቆ ሠርቶ ጨርሶታል፣ እናንተ የምታዩት ሲፈጸም ነው። «አሃ! ለካ ለዚህ ነው» ትላላችሁ፣ ያስደስታል፣ ግን አትደነግጡም፣ ምክንያቱም ምን ሊበላሽ እንደሚችል አስቀድሞ የነገራችሁ የለም። ከእስር ቤቱም ከዘጠኙ ክፍሎች ገና ግማሹ ሳይደርስ ይወጣሉ። የቀረው ሩጫ ነው። ሩጫው መጥፎ አይደለም፣ እንዲያውም 2ኛውን ሲዝን ይመስላል። ግን ለብሎን የሚሆን ጊዜ የለውም።

ንቅሳቱም እንደዚያው ነው። የድሮው ንቅሳት ካርታ ነበር፣ አንድ ሥዕል ባየን ቁጥር «ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?» እያልን ሲዝኑን እንጨርሳለን። አዲሱ መዳፉ ላይ ያሉት ዓይኖች ናቸው፣ አንድ ጥያቄ ናቸው፣ አንድ መልስ አላቸው። መልሱ ጎበዝ ነው፣ ልክድ አልችልም። ሲያልቅ ግን አለቀ።

የመን ነገር

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ዓይን ከሌላው ይለያል። እኛ አካባቢ በየመን አድርጎ ሳዑዲ የገባ፣ ወይም ሊገባ ሲል የተመለሰ ሰው የሚያውቅ ብዙ ነው። ስለዚህ ሲሪየሱ የመን ሲደርስ አብሯችሁ ከሚያየው አንዱ «ይሄ የመን አይደለም» ሊል ይችላል። ልክ ነው፣ አይደለም። የተቀረጸው ሞሮኮ ነው። ሰነዓን የሚከበው ደግሞ አይሲስ ነው ተብሎ ነው የቀረበው። ሰነዓን እ.ኤ.አ. በ2014 የያዟት ሁቲዎች ናቸው። ሲሪየሱ ፈጠራ ነው ብለን እንለፈው ካላችሁ ማለፍ ይቻላል፣ እኔ ግን ትንሽ ከብዶኛል፣ ምክንያቱም የድሮው ጥንካሬ በቦታው ላይ ነበር። የድሮው ሲሪየስ እስር ቤት፣ ፎክስ ሪቨር፣ ሆኖ የታየው ጆሊየት የሚባል እ.ኤ.አ. በ2002 የተዘጋ እውነተኛ እስር ቤት ነው። ድንጋዩ፣ ፍርግርጉ፣ ደረጃው፣ የጓሮው አጥር፣ ከ22 ክፍል በኋላ ጨለማ ውስጥ ብትለቀቁ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ኦጂጂያን ግን አሁን ሳሉት ብትሉኝ አልችልም።

የእስር ቤቱ ስምና ስኮፊልድ የያዘው ስም ግን ከጥንቱ የግሪክ የኦዲሴዩስ ታሪክ የተወሰዱ ናቸው። «ኡቲስ» ማለት «ማንም» ነው፣ ዋናው ጠላትም ፖሲዶን ነው የሚባለው። ከባሕር ማዶ ታስሮ፣ ሞቷል ተብሎ፣ ሚስቱ ቤት ሌላ ሰው ገብቶ፣ ወደ ልጁ የሚመለስ ሰው። ይሄን አውቃችሁ ስታዩት አንዳንዱ ጥድፊያ ትርጉም ያገኛል። ጸሐፊዎቹ የጻፉት ስለ ማምለጥ ሳይሆን ቤት ስለ መግባት ነው። ስለዚህ ለአዲሱ ፍትሐዊ ልሁን፦ የራሱ ሐሳብ አለው። የድሮውን ግን እንዲተካ አይጠበቅበትም፣ እናንተም አትጠብቁ።

ማን ቀረ?

ቲ-ባግ ተመልሷል። አሁን የ«ሰው ለሰው» ድራማውን አስናቀን አስታውሱ። ያ ሁሉ ሰው እየረገመው፣ እሱ ያልታየበት ክፍል ግን ይቀዘቅዝ አልነበር? ቲ-ባግም እንደዚያው ነው፣ ክፋቱ የሚያስጠላ፣ መቅረቱ የሚታወቅ። አዲሱ ላይ አለ ግን ከስኮፊልድ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አይደለም፣ አሜሪካ ቀርቶ የራሱን ጉዳይ ይከታተላል። እስር ቤት ከስኮፊልድ ጋር አንድ ክፍል የነበረው ሱክሬም አለ፣ ግን እንደ እንግዳ ብቅ ይላል። ሌላው አብሯቸው ያመለጠው ሲ-ኖት ይሻላል፣ ከሊንከን ጋር የመን ይሄዳል።

ያመለጡትን ያሳድድ የነበረው የኤፍቢአይ ሰው ማሆን የለም። ለእኔ ይሄ ትልቁ ጉድለት ነው። 2ኛውን ሲዝን ያቆመው እሱ ነበር፣ ስኮፊልድን የሚያህል ጭንቅላት ከተቃራኒ ወገን ሆኖ ንቅሳቱን ከፎቶ እያነበበ ሲያሳድደው የምንሆነውን እናጣ ነበር፣ ለየትኛው እንደምንጸልይ እንኳ አናውቅም። አዲሱ ላይ ጠላቱ ተንኮለኛ ነው፣ ግን ሲያስብ አናየውም። ብልጥ ነው ሲሉን እንሰማለን፣ ያ አይበቃም።

ዘጠኝ ክፍል መሆኑም ዋጋ አስከፍሏል። የድሮው ላይ ድመቱን አቅፎ የሚቀመጥ ዌስትሞርላንድ የሚባል ሽማግሌ እስረኛ ነበር። ለእሱ ጊዜ ነበረው። አዲሱ ለሽማግሌና ለድመት ጊዜ የለውም።

በሌላ በኩል ግን የድሮው ሁሉም ወርቅ አልነበረም፣ ይሄን ስትረሱ ነው ክርክሩ የሚበላሸው። 3ኛው ሲዝን በጸሐፊዎች የሥራ ማቆም አድማ ምክንያት 13 ክፍል ላይ ተቆርጧል፣ ይታወቅበታልም። 4ኛው ደግሞ ሲላ የሚባል ነገር ፍለጋ ነው፣ ካገኙት በኋላ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፣ ወዳጅ ጠላት ይሆናል፣ ጠላት እናት ይሆናል፣ ኧረ በቃ! አዲሱን ከ1ኛው ሲዝን ጋር ብታወዳድሩት ይሸነፋል። ከ4ኛው ጋር ብታወዳድሩት ያሸንፋል፣ ያውም በቀላሉ። ስለዚህ አንድ ሰው «የድሮው ይበልጣል» ሲላችሁ የቱን የድሮ እንደሆነ ጠይቁት።

ጃክ ባወር፦ ሞተሩ የተመለሰበት

ጥሩ አመላለስ ማየት የሚፈልግ 24ን ይይ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2010፣ ስምንት ሲዝን፣ 192 ክፍል ነው። በ2014 «ሊቭ አናዘር ደይ» ብለው ሲመልሱት ለንደን ወሰዱት፣ 12 ክፍል ብቻ አደረጉት። ሰው «24 ሰዓቱ የት ሄደ?» አለ። መልሱ ቀላል ነበር፦ የሚበዛው በሰዓቱ ሄዶ መጨረሻው ክፍል ላይ 12 ሰዓት ዘለሉ። ክፍል በክፍል ሰዓቱ እንደድሮው ይቆጥራል፣ ስክሪኑ እንደድሮው ተከፋፍሎ ይታያል፣ የጃክ ረዳት ክሎዊ ኮምፒውተሯ ላይ ናት። የድሮዎቹ ሲዝኖች ላይ መሐል መሐል ለመሙያ የሚገቡ ታሪኮች ነበሩ፣ 12 ሲሆን እነሱ ወጡ።

ያው እነዚያ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2017 «ሌጋሲ» ብለው ያለ ጃክ ባወር ሠሩት። ሰዓቱ ነበረ፣ ስክሪኑ ነበረ፣ ሰውዬው አልነበረም። አንድ ሲዝን ሄዶ ቆመ። ታዲያ ፊት ምንም አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ፊት ያለ ሞተር ግን ናፍቆት ብቻ ነው፣ ናፍቆት ደግሞ ከሁለት ክፍል በላይ አይወስድም።

ፋሲል ግቢን ያሰበ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ጣሊያን በያዘን ጊዜ ቤተ መንግሥቶቹ የተጠገኑት በማይስማማ ነገር፣ በሲሚንቶ ነበር፣ በኋላ ባለሙያዎች ያንን እያነሱ በኖራ መልሰው ሠሩት። ሲሚንቶው ጠንካራ ስላልሆነ አይደለም፣ ከድንጋዩ ጋር አብሮ ስለማይተነፍስ ነው። ሲሪየስም ሲመለስ አዲስ ክፍል መጨመሩ አይደለም ችግሩ፣ በምን እንደተያያዘ ነው የሚታየው።

ዴክስተር፣ ክሪሚናል ማይንድስና ሌሎች

ዴክስተር ለየት ያለ ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም የተመለሰው ይቅርታ ለመጠየቅ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2013 8ኛው ሲዝን ላይ ያለቀበት አኳኋን ተመልካቹን አስቆጥቶ ነበር። በ2021 «ኒው ብለድ» ተብሎ 10 ክፍል ሲመጣ የመሩት ክላይድ ፊሊፕስ ናቸው፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ሲዝኖች የመሩት ሰው፣ እነዚያ ደግሞ ብዙ ሰው የሚወዳቸው ናቸው። ከማያሚ ሙቀት ወደ በረዶ፣ ከፖሊስ ቤት ወደ ትንሽ ከተማ የአደን ዕቃ መሸጫ። እና እዚህ ላይ ሞተሩ ግማሹ ጠፋ፦ ፖሊስ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ከፖሊስ መደበቁ ነበር ደሙን የሚያፈላው። በምትኩ ልጁን አመጡ፣ አባት ለልጁ ምን ያህሉን ይናገራል የሚል ጥያቄ። ለእኔ ሠርቷል፣ እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ። መጨረሻው ላይ ተቻኮሉ። በ2025 «ሬዘሬክሽን» ብለው ኒው ዮርክ ከተማ ላይ ደግመው ቀጠሉት። የሚመረጥ ከሆነ፦ ከድሮው ከ1 እስከ 4፣ ከዚያ ከፈለጋችሁ ቀሪውን። 8ኛውን አልመክርም፣ ግን ያለ እሱ «ኒው ብለድ» ውስጥ ዴክስተርን የምታናግረው ሰው ለምን እንዳለች አይገባችሁም። አጣብቂኝ ነው፣ እንግዲህ እያዛጋችሁ እዩት።

ክሪሚናል ማይንድስ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2020 ድረስ 15 ሲዝን፣ 324 ክፍል ሄዷል። በ2022 «ኢቮሉሽን» ተብሎ ሲመለስ በየክፍሉ አንድ ጉዳይ የሚለውን ትተው ሲዝኑን ሙሉ አንድ ገዳይና የዘረጋውን መረብ ያሳድዳሉ። ከድሮው ቡድን አንዱ የነበረው ሪድም መጀመሪያ ላይ የለም። ይሄ በሚያየው ሰው ይወሰናል። ከሥራ ደክማችሁ መጥታችሁ አንድ ክፍል አይታችሁ የምትተኙ ከሆነ የድሮው ነው የእናንተ፣ የትኛውንም ክፍል ብትከፍቱ ጀምሮ ይጨርሳል፣ መብራት ሄዶ ሳምንት ቢቆይም ምን ላይ እንደነበርኩ ብሎ ጭንቅ የለም። ቅዳሜና እሑድ ተቀምጣችሁ የምትጨርሱ ከሆነ አዲሱ ይስባችኋል።

ሎው ኤንድ ኦርደር እ.ኤ.አ. በ2022 ከ12 ዓመት በኋላ ሲመለስ ምንም አልነካካም። ግማሹ ፖሊስ፣ ግማሹ ዓቃቤ ሕግ፣ እንደድሮው። ፊቶቹ ሲቀያየሩ የኖሩ ናቸው፣ ስለዚህ ናፍቆትም የለበትም። ከየትም ጀምሩ።

ሃዋይ ፋይቭ-ኦ ዓይነቱን ግን እዚህ ውስጥ አትደባልቁ። እሱ ቀጣይ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ ተዋንያን እንደ አዲስ የተጀመረ ነው። የ1968ቱን ማየት አያስፈልጋችሁም።

ሳትጭኑ እንዴት ትፈትናላችሁ?

1ኛውን ክፍል አይታችሁ አትፍረዱ። የተመለሰ ሲሪየስ 1ኛ ክፍል ሰላምታ ነው፣ ሁሉም ሰው ተራ በተራ እየገባ እናንተም «ውይ፣ ሸምግሏል!» እያላችሁ ያልቃል። 3ኛውን ጠብቁ። ሰላምታው አልቋል፣ ፊቶቹን ለምዳችኋል። አሁንም «አንድ ብቻ» የሚያስብላችሁ ነገር ካለ ሞተሩ ተነስቷል። ስልካችሁን እያያችሁ ከሆነ ግን ወይ ተዉት ወይ ለማብሰያ ጊዜ አድርጉት።

የሰማችሁት ሰው የቱን እንዳየም ጠይቁ። የድሮውን በትርጉም ያየና በእንግሊዝኛው ያየ ሰው አንድ ሲሪየስ አላዩም። ተርጓሚው ሁሉንም ገጸ ባሕርይ በአንድ ድምፅ ሲተርክ፣ መሐል ላይ ቀልድ ሲጨምር፣ የቲ-ባግ ያ የሚጎተት አነጋገር የት ይገባል? ትርጉሙን እያጣጣልኩ አይደለም፣ ብዙ ሰው ስኮፊልድን ያወቀው በእሱ ነው። ግን ብሎኑን የመሰለው ዝርዝር ነገር በትርጉም ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ይዋጣል። ሰብታይትል ያለው ካገኛችሁ እሱን ያዙ።

እና የቱን?

ፕሪዝን ብሬክን ጭራሽ ያላየ ሰው 1ኛውንና 2ኛውን ሲዝን ይጫን። 44 ክፍል ነው፣ ከ30 ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፣ ለአንድ ክረምት ይበቃል። ወደድኩት ካለ ይቀጥል። አዲሱን በጭራሽ አይጀምር፣ የሰዎቹ ፍቅርም ጥላቻም የተጠራቀመው ድሮ ነው፣ እሱን ሳያይ ዘጠኙን ክፍል ቢያይ ማን ለምን እንደሚያለቅስ አይገባውም።

ልጅ እያለ አይቶት የረሳ ሰው አለ፣ ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ከሚማሩት እንኳ ስንቱ ታላቅ ወንድሙ ሲያይ ከጎን ሆኖ ነው ያየው። እሱ 1ኛውን ሲዝን ብቻ ደግሞ አይቶ ወደ 5ኛው ይዝለል፣ አብዛኛው ነገር ይገባዋል።

ሁሉንም አይቶ በ4ኛው መጨረሻ ለተናደደ ሰው አዲሱ የተሠራለት ነው። ሰባት ሰዓት አይሞላም፣ አንድ ቅዳሜና እሑድ ይበቃዋል። በ4ኛው መጨረሻ ላልተናደደ፣ አልቅሶ ይሁን ብሎ ለተቀበለው ሰው ግን አይመከርም። ያ መቃብር ለእሱ ትክክለኛው ቦታ ነበር፣ ለምን ይቆፈርበታል?

ከቤተሰብ ጋር የሚታይ ለሚፈልግ ከእነዚህ ውስጥ አንዱም አይሆንም ማለት ይቀላል። ቲ-ባግ ምን ሠርቶ እንደታሰረ ለትንሽ ልጅ ማስረዳት ከባድ ነው፣ ዴክስተርም ከምግብ ጋር አይሄድም። የግድ ከሆነ 24 ይሻላል፣ እሱም ምርመራ ክፍል ሲገቡ ሪሞቱን ያዙ።

ስለ ቦታው፦ አንድ ክፍል 300 ሜጋ ገደማ ከሆነ የድሮው 81 ክፍል 24 ጊጋ ያህል ነው፣ 16 ጊጋ ፍላሽ አይችለውም፣ 32 ይዛችሁ ሂዱ። አዲሱ ሦስት ጊጋ እንኳ አይሞላም፣ ስልክ ሚሞሪ ላይ ይገባል። ስትጭኑ ደግሞ የ4ኛው ሲዝን ፎልደር 22 ላይ የሚያልቅ ከሆነ ልጁን አስቁሙት። «ዘ ፋይናል ብሬክ» የሚባሉት ሁለት ክፍሎች ጎድለዋል ማለት ነው፣ አንዳንዴ ለብቻ እንደ ፊልም ሌላ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ። ስኮፊልድ ምን እንደሆነና ሳራ እንዴት እንደወጣች ያለው እነሱ ላይ ነው፣ 5ኛው የሚነሳው ከዚያ ነው።